የቋንቋ ጥያቄዎቻችሁ፦ ኮኔክት፣ ጆይን፣ ሊንክ ወይስ አታች?

ጥያቄ፦ በሥራዬ ጠባይ ምክንያት ደብዳቤና ሪፖርት ዘወትር በእንግሊዝኛ አዘጋጃለሁ። ኮኔክት፣ ጆይን፣ ሊንክ፣ አታች እና ኮምባይን የሚሉትን ቃላት በመዝገበ ቃላት ስመለከት ሁሉም «ማገናኘት» ወይም «ማያያዝ» ተብለው ተፈትተው አገኛለሁ። በቅርቡ «የትምህርት ማስረጃዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ» ለማለት ኮኔክት ብዬ ብጽፍ፣ ረቂቁን ያነበቡልኝ ኃላፊዬ አታች በሚለው ተኩልኝ። በሌላ ጊዜ ደግሞ «ማኅበሩን ተቀላቀልሁ» ለማለት ከጆይን ቀጥሎ ቱ የሚለውን መስተዋድድ በማስገባቴ መስተዋድዱን ሰረዙት። እርማቱን ተቀብያለሁ፤ ምክንያቱ ግን አልገባኝም። በእነዚህ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መዝገበ ቃላቱ አላሳሳተዎትም፤ የሰጠዎት ግን ቃላቱ ሁሉ የሚጋሩትን ሰፊ ትርጉም ብቻ ነው። «ማገናኘት» የሚለው ግስ አምስቱንም የእንግሊዝኛ ቃላት ለመሸፈን የሚበቃ ስፋት ስላለው፣ ከእርሱ ተነሥቶ አንዱን ለይቶ መምረጥ ያስቸግራል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል ከመፈለግዎ አስቀድሞ ሐሳቡን ጠበብ ባለ የአማርኛ ግስ እንዲገልጹት እመክራለሁ። እኛም ብንሆን ሁሉንም ነገር «አገናኘን» አንልም፤ የተበጠሰ ገመድ እንቀጥላለን፣ ማስረጃ ከማመልከቻ ጋር እናያይዛለን፣ አንዱን ቀለም ከሌላው እንቀላቅላለን፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶችን እናዋህዳለን፣ ሁለት ከተሞችን በመንገድ እናገናኛለን። ጠባቡን ግስ ሲያገኙ ሁለቱ ነገሮች ከተገናኙ በኋላ ምን እንደሚሆኑ፣ ማለትም ተለያይተው እንደሚቀሩ፣ አንዱ የሌላው ተቀጥላ እንደሚሆን ወይም አንድ አካል እንደሚሆኑ አብሮ ይገለጥልዎታል። የእንግሊዝኛው ምርጫ በአብዛኛው የሚወሰነውም በዚሁ ነው።

ኮኔክት በምንልበት ጊዜ ሁለቱም ነገሮች እንደነበሩ ይቀራሉ፤ በመካከላቸው ግን አንድ የሚተላለፍ ነገር ይኖራል። የሚተላለፈው ኤሌክትሪክ፣ ውኃ፣ መረጃ ወይም ሰው ሊሆን ይችላል፤ መተላለፊያውም ብዙውን ጊዜ ሽቦ፣ ቧንቧ፣ መንገድ ወይም ድልድይ የመሰለ ሦስተኛ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ቦይ የሜዲትራኒያንን ባሕር ከቀይ ባሕር ጋር አገናኘ ስንል ትክክለኛው ቃል ኮኔክት የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ባሕሮቹ ዛሬም ሁለት ናቸው፣ መርከቦች ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋሉ። ኮምፒውተርን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት፣ እንዲሁም መንገደኛ አውሮፕላን ቀይሮ የሚቀጥልበት ኮኔክቲንግ ፍላይት የሚባለው በረራ በዚሁ ሐሳብ ሥር ይጠቃለላሉ። በእርስዎ የትምህርት ማስረጃና በደብዳቤዎ መካከል ግን የሚተላለፍ ነገር ስለሌለ ኮኔክት ቦታውን አላገኘም።

ለማስረጃው የሚስማማው አታች ነው፤ ምክንያቱም አታች የሁለት እኩል ነገሮችን ግንኙነት ሳይሆን የዋናንና የተቀጥላን ግንኙነት ያመለክታል። ደብዳቤው ዋና ነው፣ ማስረጃው ተቀጥላ ነው፤ ሻንጣው ዋና ነው፣ በእጀታው ላይ የሚታሰረው የስም ወረቀት ተቀጥላ ነው። በዚህም የተነሣ የቃላቱ ቅደም ተከተል ለውጥ አይቀበልም፤ ተቀጥላው የግሱ ተሳቢ ሆኖ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ቱ የሚለው መስተዋድድ ይገባል፣ ዋናው ነገር በመጨረሻ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ያገላበጠ ጸሐፊ ሻንጣውን በስም ወረቀቱ ላይ አንጠልጥሏል ማለት ነው። አማርኛችን «ከደብዳቤው ጋር» ስለሚል ብዙዎቻችን በዚህ ቦታ ዊዝ የሚለውን መስተዋድድ ለማስገባት እንፈተናለን፤ አታች የሚፈልገው ግን ቱ የሚለውን ነው። ከተጠራጠሩ ዲታች የሚለውን ተቃራኒ ቃል ያስቡ፤ አንዱን ነቅለው ቢወስዱት ሌላው ሙሉነቱን ጠብቆ የሚቀር ከሆነ አታች ማለትዎ ልክ ነው።

የጽሕፈት ሥራ ስለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምርልዎ። በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ለሚላክ ደብዳቤ፣ አብሮ በፖስታው ውስጥ የገባውን ሰነድ እንግሊዝኛ ኢንክሎዝ በሚለው ቃል ይገልጸዋል፤ አታች የሚባለው ሰነዱ ከደብዳቤው ጋር በስቴፕለር ሲያያዝ ወይም ከኢሜይል ጋር ሲላክ ነው። ፕሊዝ ፋይንድ አታችድ የሚለው የቆየ አጀማመር ስሕተት ባይሆንም፣ «እገሌ የተባለውን ሰነድ አያይዣለሁ» ብሎ በቀጥታ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ለአንባቢው ይቀላል፤ እኔ ሁልጊዜ ይህንኑ እመርጣለሁ።

ጆይን ጫፍና ጫፍን አገጣጥሞ አንድ ቀጣይ ነገር ማድረግ ነው። ሁለት ቧንቧዎች ሲገጣጠሙ፣ ሁለት ሳንቃዎች ሲጋጠሙ፣ ሰዎች እጅ ለእጅ ሲያያዙ የሚነገረው ይህ ቃል ነው፤ መገጣጠሚያን የሚያመለክተው ጆይንት እና የመንገዶች መጋጠሚያን የሚያመለክተው ጀንክሽን የዚሁ የላቲን ሥር ውላጆች ናቸው። ሁለተኛው አገባቡ ኃላፊዎ ያረሙት ነው። አንድ ሰው የማኅበር፣ የሠራዊት ወይም የውይይት አባልና ተሳታፊ ሲሆን ጆይን ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል፤ በመካከላቸው ቱም ዊዝም አይገባም። አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳዎታል፤ «ማኅበሩን ተቀላቀልሁ» ሲሉ «ን» ቀጥተኛ ተሳቢ መኖሩን አስቀድማ ነግራዎታለች። ቱ የሚገባው ሁለት የሚጋጠሙ ነገሮች ሲጠቀሱ፣ ማለትም አንዱን ቧንቧ ከሌላው ጋር አጋጠምሁ ሲባል ብቻ ነው።

ሊንክ ለኮኔክት እጅግ ስለሚቀርብ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው። ቃሉ በመሠረቱ የሰንሰለት ቀለበት ስም ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነገርን ይገልጻል፤ ስለዚህም ዐይን ለማያየው ዝምድና ይመረጣል። መርማሪ ተጠርጣሪን ከወንጀል ጋር ሲያያይዝ፣ ተመራማሪ አንድን ልማድ ከአንድ በሽታ ጋር ሲያዛምድ የሚጠቀሙት ይህንኑ ቃል ነው። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ በብርቱ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ሊንክ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አይናገርምና። ማጨስና የሳንባ ካንሰር አብረው እንደሚገኙ እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመው የሪቻርድ ዶል እና የኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ጥናት በግልጽ አሳይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የሕክምና ሪፖርት ደግሞ ሲጋራ በወንዶች ላይ የሳንባ ካንሰርን እንደሚያስከትል ደመደመ። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው። መንስኤነቱ የተረጋገጠውን ነገር ሊንክድ ቱ ብሎ ማለዘብ እውነቱን ያሳንሳል፤ ያልተረጋገጠውን ኮዝ ብሎ መጻፍ ደግሞ ያልተባለውን ማለት ነው። በእጅዎ ያለው ማስረጃ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ የሚናገረውን ቃል ይምረጡ።

ኮምባይን፣ መርጅ እና ዩናይት በመገናኘት ብቻ የማይወሰኑ፣ ወደ አንድነት የሚያመሩ ቃላት ናቸው። ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን ተዋሕደው ውኃ ሲሆኑ ኮምባይን እንላለን፤ መስተዋድዱም ቱ ሳይሆን ዊዝ ነው። መርጅ ከዚህ አልፎ በመካከል የነበረው ወሰን እንደጠፋ ያመለክታል፤ ኤክሶንና ሞቢል የተባሉት የነዳጅ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ኩባንያ ሲሆኑ የተነገረው ይኸው ነው። ዩናይት በአብዛኛው በጋራ ዓላማ ወይም በጋራ አስተዳደር ሥር ለሚሰባሰቡ ሕዝቦችና አገሮች ይነገራል፤ ለቧንቧና ለሽቦ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከኮኔክት ቀጥሎ አንዳንዶች ቱ፣ ሌሎች ዊዝ ሲሉ እሰማለሁ። ልዩነት አለው ወይስ እንደ ተናጋሪው ምርጫ ነው?

መልስ፦ ልዩነት አለው፤ ነገር ግን በሁሉም ቦታ እኩል ጥብቅ አይደለም። መሣሪያን ከሌላ መሣሪያ ወይም ከመረብ ጋር ስናገናኝ ቱ እንላለን፤ ማተሚያው ወደ ኮምፒውተሩ፣ ስልኩ ወደ ኢንተርኔቱ ይገናኛል እንደማለት ነው። በሰዎች መካከል መግባባትና መቀራረብ መፈጠሩን ለመናገር ግን ግንኙነቱ ከሁለቱም ወገን ስለሆነ ዊዝ ይመረጣል፤ አስተማሪ ከተማሪዎቹ ጋር፣ ተናጋሪ ከአድማጮቹ ጋር ሲግባባ የሚባለው ኮኔክት ዊዝ ነው። ለቦዮች፣ ለመንገዶችና ለሐሳቦች ሁለቱም ይሠራሉ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ቢይዙት ይሻላል።

ግሱ ኮኔክሽን ወይም ሊንክ ተብሎ ስም ሲሆን ሌላ መስተዋድድ ይመጣል፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድነት ከተጠሩ ቢትዊን ይቀድማል፣ በስሞቻቸው መካከልም ኤንድ ይገባል። «ከዚህ እስከዚያ» የሚለው አነጋገራችን ይጎትተን ይመስለኛል፣ በኤንድ ቦታ ቱ ተጽፎ የማገኘው ጥቂት ጊዜ አይደለም። ስለ ዝምድና በሚነገርበት ጊዜ ከቢትዊን ቀጥሎ በሁለቱ ስሞች መካከል ቱ አይገባም።