የምጣዱ መስመር፦ ብሬከሩ አልነበረም ጥፋተኛው

ከፍኖተ ሰላም አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ማድ ቤታቸው ከዋናው ቤት 20 ሜትር ያህል ርቆ በጓሮ በኩል የተሠራ ሲሆን፣ መብራት የሚያገኘው ከሳሎኑ ሶኬት ተቀጥሎ በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ በተንጠለጠለ ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ተቀጥሎ ቅጥሉ በፌስታል ተጠቅልሏል። እንጀራ እየጋገሩ ጎን ለጎን ወጥ ሲጥዱ ብሬከሩ ይወርድ ስለነበር፣ አንድ ጎረቤት ባለ 16 አምፔሩን አውጥቶ ባለ 32 ተክቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ አልወረደም፤ ነገር ግን የሶኬቱ አፍ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ የምጣዱም ቆርቆሮ በባዶ እግር ሲነኩት ይነዝራል። «ጫማ ሳደርግ ግን ምንም አይለኝም። ሶኬቱን ልለውጥ ወይስ ምጣዱን?» ይላሉ።

እናታችን፣ ይህን ካነበቡበት ሰዓት ጀምሮ በዚያ መስመር እንዳይጋግሩ አደራ እላለሁ። መስመሩ እስኪሠራ ድረስ የማገዶው ምጣድ ይሻላል፤ ጭሱን እያወቅሁ ነው ይህን የምለው።

ጎረቤትዎ በቅንነት ያደረጉት ነገር ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። የቤት ምጣድ በአብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። የእርስዎን 3,800 ብንለው፣ ለ220 ቮልት ሲካፈል 17 አምፔር ይሆናል፤ በዚህ ላይ 1,500 ዋት የሚስብ የወጥ ምድጃ ሲጨመር ድምሩ 24 አምፔር ይደርሳል። የሳሎኑ ሶኬት ቢበዛ 16 ነው የሚችለው። ከገለጻዎ እንደምገምተው ሽቦው ለአምፖል መስመር የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ብሬከር ይወርድ የነበረው ይህን አይቶ ነው፤ ባለ 32ቱ ግን 24 አምፔር ሲያልፍበት ምንም አይመስለውም፣ ቢወርድም የሚወርደው ሽቦው ቀልጦ እርስ በርሱ ሲነካካ ነው።

እሳት የሚነሣው ደግሞ በአብዛኛው ከቅጥሉ ነው። በእጅ ተጠምዝዞ የተተወ ቅጥል ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ መዳቡም ይዝጋል። በዚያች ነጥብ ላይ አንድ አሥረኛ ኦም (የተቃውሞ መለኪያ) ብቻ ተቃውሞ ቢፈጠር፣ 24 አምፔር ሲያልፍባት ወደ 60 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ታወጣለች፤ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል አብርቶ በፌስታል እንደ መጠቅለል ነው። እንዲህ የጠቆረ ሶኬት ስከፍት ሁልጊዜ የማየው አንድ ነው፦ ብሎኑ ላልቷል፣ ነሐሱ ተቃጥሎ ቀለሙ ተለውጧል፣ የሽቦው ልባስ ደርቆ በጣት ሲነኩት እንደ ቆሎ ይሰባበራል። ስለዚህ ሶኬቱን ብቻ ቢለውጡ አዲሱም በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠቁራል።

ወደ ንዝረቱ ልመለስ። የምጣዱ ማሞቂያ ሽቦ ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ይዞራል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡ እየሰረገ ይወርዳል፤ የቦካ ሊጥ ደግሞ ኤሌክትሪክን በሚገባ ስለሚያስተላልፍ፣ ኃይሉ ከማሞቂያው ወደ ውጪው ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮውም በእርስዎ በኩል ወደ ረጠበው ወለል ይሄዳል። ጫማው እርስዎን ለጊዜው ይከላከላል እንጂ ኃይሉ ከቆርቆሮው ላይ አልወረደም፤ ባዶ እግሩን እየሮጠ የሚገባ ልጅ ግን ይነካዋል። በማሰሻ ሲያሰሱ ስንጥቅ ካገኙ ሸክላው መለወጥ አለበት፤ በሲሚንቶ መለሰን መፍትሔ አይደለም።

አዲሱ መስመር ከሳሎን ሶኬት ሳይሆን ከቆጣሪው ቀጥሎ ካለው ብሬከር ሳጥን መነሣት ይኖርበታል። ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ሦስት ገመድ ያለው የመዳብ ኬብል ይገዛ። በወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበር፤ ጌሾና ጎመን በሚኮተኮትበት ጓሮ ከዚያ ያነሰ ጥልቀት ለዶማ ቅርብ ነው። መሐል ላይ ምንም ቅጥል አይኑር። ያ ባለ 32 ብሬከር በዚህ ኬብል ራስ ላይ ቢገባ ቦታውን አገኘ ማለት ነው። ማድ ቤት ውስጥ ትንሽ ሳጥን ተተክሎ ለምጣዱ ባለ 20፣ ለወጥ ምድጃው ሶኬት ባለ 16 ብሬከር ይለያይ፤ ምጣዱም በሶኬት ሳይሆን በቀጥታ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በሞርሴቶ (ሽቦን በብሎን አጥብቆ በሚያገናኝ መያዣ) ይታሰር። ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በአሁኑ ቀጭን ሽቦ ላይ ወደ 11 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ በባለ 6ቱ ግን ከ3 አይበልጥም፤ ምጣዱም ቶሎ ይግላል።

ሦስተኛው ገመድ የኧርዝ፣ ማለትም የመሬት መስመር ሲሆን ከምጣዱ ቆርቆሮ ተነሥቶ እርጥበት ባለው መሬት ውስጥ 2 ሜትር ያህል ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይገናኛል፤ ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር አይፈቀድም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ እኔ ግን አይበቃም እላለሁ። የዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን ሊያልፍ የሚችለው 11 አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ ባለ 20 ብሬከር ቆርቆሮው ኃይል ይዞ እያለ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ከሽቦው ወጥቶ ወደ መሬት የሚፈሰው ኃይል 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የሚወርደው፣ ባለሙያዎች አርሲዲ የምንለው መሣሪያ ከሌሎቹ ብሬከሮች ጋር አብሮ ይግባ፤ እነሱን ግን አይተካም።

ከቆጣሪው በፊት ያለውን ማንም እንዳይነካ፤ እሱ የመብራት ኃይል ሥራ ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ በአርሲዲው ፊት ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ ባለሙያው ቆሞ ሳለ እርስዎ ራስዎ ይጫኗት፣ ከዚያም በየወሩ ይድገሙት። ስትጫን ወዲያው ካልወረደ ቀሪውን ክፍያ አይስጡ።