ተጫዋቹ ራሱ ሲያነበው ነው ወይስ ተዋናይ?

«የኳስ ተጫዋቾችን የሕይወት ታሪክ በድምፅ ማዳመጥ ልጀምር ነው። ተጫዋቹ ራሱ ያነበበውን ልምረጥ ወይስ ተዋናይ ያነበበውን? እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን።

እኔ ጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈት። ስለዚህ ብዙ ሰምቻለሁ።

ራሱ ያነበበውን ምረጥ። ግን አሳምሮ ያነባል ብለህ አትጠብቅ። አንዳንዱ መምህር ተነስተህ አንብብ እንዳለው ተማሪ ነው የሚያነበው። ድምፁ አይወጣም፣ አይወርድም። ልቡን የነካው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ያስታውቅበታል።

መጀመሪያ የእንግሊዙን አጥቂ ፒተር ክራውችን ስማ። ያ 2 ሜትር ከ1 ሳንቲም የሚረዝመው፣ በፈረንጆቹ 2006 ጎል አግብቶ እንደ ሮቦት የጨፈረው። በፈረንጆቹ 2018 ያወጣውን «ሃው ቱ ቢ ኤ ፉትቦለር» ያነበበው ራሱ ነው። ዋንጫ ቆጠራ አይበዛበትም፤ ስለ መኪና፣ ስለ ንቅሳት፣ ስለ መልበሻ ክፍል ነው ወሬው። አስቶን ማርቲን ገዝቶ ሲንቀባረር ትራፊክ መብራት ላይ ከሮይ ኪን፣ ከዚያ ኮስታራ የማንቸስተር ዩናይትድ የቀድሞ አምበል ጋር ይገጣጠማል። ሰላም ይለዋል። ኪን በንቀት አይቶት ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይሄዳል። ክራውች መኪናውን ብዙም ሳይቆይ ሸጠው! ተዋናይ ቢያነበው ቀልድ ብቻ ነበር። ከራሱ አፍ ስትሰማው ግን እፍረቱም አብሮ ይመጣል። የሱሪ ጠርዝ እያጠፍኩ ብቻዬን ስስቅ ደንበኛ ገብቶ «ምነው ደህና ነህ?» ብሎኛል።

ጠንከር ያለ ካማረህ አቢ ዋምባክ አለች። ለአሜሪካ 184 ጎል ያገባችው፣ በፈረንጆቹ 2011 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ብራዚል ላይ በ122ኛው ደቂቃ በቴስታ ያስቆጠረችው። በፈረንጆቹ 2016 የወጣውን «ፎርዋርድ» ራሷ ናት ያነበበችው። ስለ መጠጥና ስለ እንክብል ሱሷ፣ ጠጥታ ስትነዳ ስለ መያዟ ሁሉ ትናገራለች። እንዲህ ያለውን ጉድ ሌላ ሰው ቢያነብልኝ ሐሜት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ራሱ አነበበው ማለት ብቻውን ጻፈው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ጸሐፊ አላቸው። የስዊድኑን አጥቂ የዝላታን ኢብራሂሞቪችን መጽሐፍ የጻፈለት ዳቪድ ላገርክራንትዝ ነው፤ እሱም ቃል በቃል የዝላታን ንግግር አለመሆኑን በአደባባይ ተናግሯል። መጽሐፉ ይጣፍጣል፣ ግን እያንዳንዱን ቃል ዝላታን ብሎታል ብለህ እንዳትምል።

(የእኛው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ከነበሩት ልጆች አንዱ በራሱ ድምፅ ቢተርክልን እንዴት ደስ ባለኝ!)

እንግሊዝኛውን አትፍራ። ያየኸው ጨዋታ ከሚወራበት ምዕራፍ ጀምር፤ የተጫዋቾቹን ስም ስለምታውቅ ወሬው አይጠፋብህም። ፍጥነቱን ወደ 0.8 ዝቅ አድርገው። ከዚያ በታች ከወረደ ሰውዬው የሰከረ ይመስላል።

ከመግዛትህ በፊት አንባቢው ማን እንደሆነ እይ፣ የሽፋኑ ፎቶ እንዳይሸውድህ። አብዛኞቹ መሸጫዎች ናሙና በነፃ ያሰማሉ። ክፍያው የውጭ ካርድ ስለሚጠይቅ እኔ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የማስቸግረው። ከዚያ ሌሊት በጥቅል አውርደው፤ ቀን ላይ ኔትወርክ መጣ ቀረ እያልክ አትጨናነቅም።