ካሮቴ ለምን አልበቅል አለ?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ባለችኝ ጓሮ ካሮት ሁለት ጊዜ ዘርቼ የበቀለው ጥቂት ነው፤ እሱም ሥሩ ሁለት ሦስት እግር አውጥቶ አገኘሁት። ጥፋቴ ምን ይሆን?

መልስ፦ የካሮት ዘር ደቃቅ በመሆኑ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ አፈሩን ገፍቶ ለመውጣት ጉልበት ያጥረዋል፤ ለመብቀልም ከ10 እስከ 20 ቀን ስለሚፈጅ፣ በዚህ መካከል የመደቡ ገጽ ደርቆ ከተጋገረ ቡቃያው ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ከዘሩ በኋላ መደቡን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጠዋትና ማታ ውኃ ያርከፍክፉ፤ የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ሲል ግን ጆንያውን ሳይውል ሳያድር ያንሱ። እግር ያበጀው ሥር ጠጠር ወይም ያልበሰበሰ ፍግ ሳያጋጥመው አልቀረም፤ ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ ደግሞ ጠጠር አያጣም። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ይልቀሙት። ቡቃያው ሲጠና በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያሳሱት፤ የነቀሉትን እንደ ጎመን ችግኝ መልሶ መትከል ግን አያዋጣም።