ስለ ኮሶ ዛፍ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ለመድኃኒት የሚለቀመው የሴቷ ኮሶ አበባ ነው ይባላል። ሴቷ ከወንዱ በምን ትለያለች?

መልስ፦ አባባሉ ትክክል ነው። ኮሶ የወንዱና የሴቷ አበባ በየራሳቸው ዛፍ ላይ የሚወጡ የደጋ ዛፍ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ገደማ በሚደርስ ከፍታ፣ ለምሳሌ በባሌ ተራሮች ዲንሾ አካባቢ ይገኛል። አበባው ሲደርስ የሴቷ ዘለላ ጥቅጥቅ ያለና ወደ ቀይ ያደላ ሆኖ በክብደቱ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ የወንዱ ግን ሳሳ ያለና ነጣ ያለ ወይም ብርቱካንማ ነው። መድኃኒት አዋቂዎች የሚመርጡት ቀዩን ነው።

ጥያቄ፦ የኮሶ ትልን የሚያስወጣው በኮሶ ውስጥ ያለው የትኛው ንጥረ ነገር ነው?

መልስ፦ ዋናዎቹ ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የሚባሉት፣ ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባለው የኬሚካል ቤተሰብ የሆኑ ውህዶች ናቸው። የትሉን ጡንቻ ስለሚያሽመደምዱት ትሉ ከአንጀት ግድግዳ ይለቃል፤ ኮሶው ራሱ ስለሚያስቀምጥም ጠራርጎ ያወጣዋል። በክሪስታል መልክ የሚገኘው ኮሲን ደግሞ ኮሶቶክሲን ሲፈርስ የሚፈጠር ነው። በጣም የሚያስደንቀኝ፣ አውሮፓውያን ለዚሁ ትል ይወስዱት የነበረው ፈርን የተባለው ተክል ሥር ከኮሶ ጋር ምንም የቅርብ ዝምድና ሳይኖረው የዚሁ ቤተሰብ ውህዶችን መያዙ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ለዓመታት በከረጢት ያስቀመጡት የደረቀ ኮሶ አለ። ይሠራል?

መልስ፦ እንዲጠጡት አልመክርም። ውህዶቹ በቆይታ ስለሚፈርሱ ያረጀ ኮሶ ትሉን ሳያስወጣ ሆድን ብቻ ሊያውክ ይችላል። አንድ እፍኝ ኮሶ ምን ያህል ኮሶቶክሲን እንደያዘ በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ «ደክሟል» ብሎ መጠኑን መጨመር ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ይጠጡ የነበረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልማዱ ከትሉ አኗኗር ጋር በሚገባ የተጣጣመ ነው። የኮሶ ትል ብዙ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ አካሉ ተቆርጦ ቢወጣም ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ እንደገና አድጎ ቁራጮቹ መታየት ይጀምራሉ። ጥሬ ሥጋ መብላቱ ካልቀረ ደግሞ ትሉ እንደ አዲስ ይገባል። ስለዚህ ጠጪው በባዶ ሆዱ ማለዳ የተወቀጠውንና በውኃ የተዘፈዘፈውን ኮሶ ከነአተላው ጨልጦ፣ ሆዱ እስኪጠራ ድረስ እህል ሳይቀምስ ይቆይ ነበር።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የከብት ሥጋ ትል አለብኝ። ኮሶ መጠጣት እችላለሁ?

መልስ፦ በፍጹም አይጠጡ፤ ኮሶ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። በማንኛውም ሰው ላይ ቢሆን መጠኑ ከበዛ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ የዓይን ብርሃን እንደጎዳም ተመዝግቧል። ትሉን የሚያሽመደምደውና ሰውን የሚጎዳው ያው አንዱ ውህድ ስለሆነ፣ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ኒክሎሳማይድም ሆነ ፕራዚኳንቴል መጠኑ ተለክቶ የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሆነ፣ የትኛው መቼ እንደሚስማማዎት የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ጥያቄ፦ የሳይንስ ስሙ ከየት መጣ?

መልስ፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ባንከሲያ ብሎት ነበር። የጸናው ግን በ1791 እ.ኤ.አ. ለጀርመናዊው የመድኃኒት ሊቅ ለካርል ሀገን መታሰቢያ የወጣው ሀጌኒያ የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ አበባውን መልቀም ዛፉን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ቅርንጫፉ ካልተገነጠለ ዛፉን አይገድለውም፤ ነገር ግን ዘለላው በሙሉ ከተለቀመ ዘር አይቀርም። ለዛፉ መመናመን ትልቁ ምክንያት ለጣውላ ተብሎ መቆረጡና ችግኙን ከብት መጋጡ ነው፤ ለመድኃኒት የሚለቅሙ ሰዎች ከሴቶቹ ዛፎች ጥቂቱን ሳይነኩ ቢተዉ መልካም ነው።