የወር አስቤዛ ሲያጥር ከየት ይቀነስ?

በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ሰፈሮች የደረሱንን አምስት ጥያቄዎች መርጠናል። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ መልሶቹን በኪሎ፣ በሊትርና በቀን አስልተናቸዋል፤ የሰፈራችሁን ዋጋ እናንተ አስገቡበት።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆቻችን ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እንኖራለን። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ሥጋም ፍራፍሬም ይገዛል። ወሩ 20 ካለፈ ግን በፓስታና በዳቦ ነው የምንገፋው። ጤናማ ምግብ ብሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ለእኛ ውድ ነው። ከየቱ ልቀንስ?
*የሦስት ልጆች እናት*

መልስ፦ ከሥጋው መቀነስ ይችላሉ፤ ከጥራጥሬው ግን አይቀንሱ። የእርስዎ ቤት ችግር በወሩ መጀመሪያ ለሥጋ የሚወጣው ብር የመጨረሻዎቹን 10 ቀናት ሽሮና ምስር ይዞ መሄዱ ነው።

መቶ ግራም ምስር ክክ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ምስር በፕሮቲን 40 እንቁላል ያህላል ማለት ነው። አጥንት የሌለው አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ከ35 እንቁላል ብዙም አይበልጥም። ገበያ ሲወጡ ይህችን ስሌት ይያዙ፦ የምስሩን የኪሎ ዋጋ ለ40 ያካፍሉ። ምስሩ 200 ብር ነው ብንል 5 ብር ይመጣል፤ እንቁላል በ5 ብር ካላገኙ ፕሮቲኑን በርካሽ የሚሰጥዎ ምስሩ ነው። ለሥጋ ደግሞ የኪሎውን ዋጋ ለ35 ያካፍሉና ከአንድ እንቁላል ዋጋ ጋር ያስተያዩት። እንዲህ ሲሰላ ሥጋው ምን ያህል እንደሚርቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ምስር ብቻውን ሙሉ አይደለም። የጎደለውን የሚሞላለት ጤፉ ነው፤ ሽሮ በእንጀራ፣ ምስር በእንጀራ መብላታችን በሥነ ምግብም ትክክል ነው። እንቁላልን ደግሞ ጨርሰው አይተዉት፤ በጥራጥሬ ውስጥ የሌለ ቫይታሚን አለው። ለሦስቱ ልጆች በሳምንት ሦስት ሦስት ከደረሳቸው በወር 40 ያህል ይበቃል።

ለአምስት ሰው በቀን 350 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ያስቡ። በወር 10 ኪሎ ተኩል ይሆናል፦ 4 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ኪሎ ምስር ክክ፣ 2 ኪሎ አተር ክክ፣ የቀረው ባቄላና ሽምብራ ለንፍሮ። ይህ ሁሉ ደመወዝ በወጣ ቀን፣ ከማንኛውም ነገር በፊት ተገዝቶ ቤት ይግባ። ሥጋ ከተረፈው ይገዛል። ሽምብራና ባቄላ ማታ ተዘፍዝፈው ቢያድሩ፣ ጠዋት ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ቢቀቀሉ ከሰልም ኤሌክትሪክም ይቆጥባሉ፤ ሆድም አይነፉም። ቶሎ እንዲበስል ብለው ሶዳ አይጨምሩበት፤ የቢ ቫይታሚኖችን ይጎዳል።

ቀጥሎ ወደ ዘይቱ እንምጣ፤ ብዙ ቤት ሳይታወቅ ገንዘብ የሚፈስበት እዚያ ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በከፈቱ ቀን ቀኑን በማርከር ይጻፉበት። በ21 ቀን ካለቀ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 48 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከሦስት የሾርባ ማንኪያ በላይ ወጥቷል። 40 ቀን ከቆየ 25 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ወጡም አይከፋም። የሚያስከፋው አቁላልቶ አለመጨረስ ነው። ድስቱ ደረቅ ሳለ በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት ይጨምሩና በመካከለኛ እሳት ያማስሉ። መጀመሪያ ውኃውን ያወጣል፣ ከዚያ ይመጥጠዋል፤ ታች መያዝ ሲጀምር ሁለት ሦስት ማንኪያ ውኃ ጣል ያድርጉበት። እንዲህ እያደረጉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከቆየ ጠርዙ ቡናማ ይሆናል፣ ጣፋጭ ሽታው ይመጣል። ዘይቱ የሚገባው ያኔ ነው፤ ወዲያው በርበሬው ይከተላል፣ ቀለሙና ጣዕሙ የሚወጣው በዘይት ነውና። ዘይቱ ከመጀመሪያው ከገባ ግን ሽንኩርቱ በደረቀ ቁጥር እጅ ወደ ጀሪካኑ ይሄዳል። ከጀሪካኑ በቀጥታ አያፍስሱ፤ በሲኒ ይለኩ። ወጡ ላይ ዘይት መንሳፈፉ የሙያ ምልክት ነው የሚለው አስተሳሰብ ለኪስም ለልብም አይበጅም።

ሦስተኛው የልጆች መክሰስ ነው። ብስኩት፣ ቺፕስና የታሸገ ጁስ በየቀኑ በትንሹ ስለሚገዙ ሂሳብ ውስጥ አይገቡም። ለአንድ ወር ብቻ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይመዝግቧቸው፤ ድምሩን ከአንድ ወር የሽሮና የምስር ወጪ ጋር ያስተያዩት። በምትካቸው ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ድንች ከዚህ አይቆጠርም። ይህን በብርቱካንና በአፕል እሞላለሁ ካሉ አይቻልም። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ግን ያደርሱታል። በቀን አንድ ኪሎ አትክልት ለቤቱ ይጀምሩ። ምስሩም ሆነ ጎመኑ ሲቀርብ ሎሚ ይጨመቅበት ወይም ጥሬ ቃሪያ አብሮ ይበላ፤ በውስጡ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስድ ያግዛል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ያንኑ ብረት ያግዳሉ። አንድ ሰዓት ይቆዩ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ጉልቱ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ከአትክልት ተራ በጣም ይወደዳል። መሄድ ያዋጣኛል?

መልስ፦ አትክልት ተራ በ2012 ከፒያሳ ተነሥቶ፣ ኋላም ላፍቶ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከሰፈረ ወዲህ መልሱ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። የደርሶ መልስ ትራንስፖርትዎን ከነማስጫኛው ይደምሩ፤ በኪሎ ለሚያተርፉት ብር ያካፍሉት። ትራንስፖርቱ 120 ብር፣ ልዩነቱ በኪሎ 10 ብር ቢሆን፣ 12 ኪሎ ገዝተው ገና እኩል ነው የወጡት። ትርፉ የሚጀምረው ከ13ኛው ኪሎ ነው። ስለዚህ ለብቻ መሄድ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ሦስት አራት ጎረቤት ተባብሮ አንዱ ሲሄድ ግን ያዋጣል። ከመሄድዎ በፊት የሰፈርዎን የእሁድ ገበያና የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ያጣሩ።

ጉልት ላይ በመደብ የሚሸጠው አንዳንዴ ከኪሎው ይወደዳል። አንድ ጊዜ መደቡን ገዝተው ሚዛን ያለው ሱቅ ያስመዝኑት፤ ከዚያ በኋላ በዓይን ይለዩታል።

በብዛት ሲገዙ የሚያከስረው ብልሽት ነው። ሽንኩርት በፌስታል ታስሮ ከቆየ ያልበዋል፣ ያበቅላል፤ በመረብ ጆንያ ወይም በቅርጫት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያኑሩት። ከድንች ጋር አያስቀምጡት፤ የድንቹ እርጥበት ሽንኩርቱን ያበላሸዋል። ድንቹ ጨለማ ይፈልጋል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነውን ክፍል በጥልቀት ቆርጠው ይጣሉ፤ መርዛማ ነው፣ ቢቀቀልም አይጠፋም። ቲማቲም ከሆነ ሲሶው የበሰለ፣ ሲሶው የቀላ ግን ጠንካራ፣ ሲሶው ገና የሚቀላ አድርገው ይምረጡ፤ ሳምንት ያደርስዎታል። ክረምት ላይ ሽንኩርት ሲወደድ በጥቅል ጎመን፣ በዱባ አልጫና በድንች ወጥ ቀኑን ማለፍ ይቻላል፤ እነዚህ ትንሽ ሽንኩርት ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ከእኔ ጋር ሁዳዴን መጾም ትፈልጋለች። ትጎዳብኝ ይሆን?

መልስ፦ የጾሙን ሰዓትና ልክ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ እኛ ስለ ማዕዱ እንናገር። 55 ቀን ያለ ሥጋና ወተት መቆየት በራሱ አይጎዳትም፤ የሚጎዳት ጾሙ ዳቦ በሻይ ሲሆን ነው። በየቀኑ ጥራጥሬ ሁለት ጊዜ ይድረሳት። የትምህርት ቤት ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ከደረቀ እንጀራ ይልቅ የሽሮ ወይም የሱፍ ፍትፍት ይግባ፤ ከሰዓትም ሳይደርቅ ይቆያል። ለመክሰስ ሁለት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ ሽምብራና ጥቂት ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ መልካም ነው። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ሻጋታ የነካው ኦቾሎኒ ግን እየተለቀመ ይጣል፤ ሻጋታው የሚያመርተው መርዝ በመቁላት አይጠፋም፣ ጉበትን ይጎዳል። ስልጆና ተልባም አይረሱ። ለአጥንቷ ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፉ ራሱ ካልሲየም ይሰጧታል።

ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም። ስለዚህ በፍስክ ቀናት ወተትና እንቁላሏ አይጓደልባት።

ጥያቄ፦ አቃቂ አካባቢ ወንዝ ዳር የሚበቅል ጎመንና ሰላጣ ርካሽ ነው። ሰው ግን ያስፈራራኛል። በደንብ ካጠብኩት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ችግር አለው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው ሲወርዱ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎች ዝቃጭ ይዘው ነው። ሁለት ዓይነት አደጋ አለ፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። አንደኛው ጀርም፣ አሜባና የወስፋት እንቁላል ነው። ይህን ማብሰል ይገድለዋል፤ በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ግን ታጥቦም አያስተማምንም። ሁለተኛው እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉት ከባድ ብረቶች ናቸው። በወንዙ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አግኝተዋቸዋል። ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚያስገባቸው እጥበትም ፈላ ውኃም አያወጣቸውም። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከቲማቲምና ከቃሪያ የበለጠ ያከማቻቸዋል። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ከዚያ አይግዙ። ሻጯን «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ርካሹ አማራጭ ጆንያ ነው። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ በሁለት እጅ አፈርና በአንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይሙሉ፤ መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ የጠጠር ዓምድ ያድርጉ፣ ውኃው እስከ ታች የሚደርሰው በሱ በኩል ነው። አፈሩን ከወንዝ ዳር እንዳያመጡ። ከላይ 4፣ በጎን በኩል ጆንያውን እየሰነጠቁ 8 ያህል የጎመን ችግኝ ይትከሉ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የታች የታቹን ቅጠል ይቀንጥሱ፤ ከላይ አራት አምስት ቅጠል ሁልጊዜ ይተዉለት፣ ለወራት ይበላል። በቅጠሉ ሥር ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ከታየ በሳሙና ውኃ ይጠቡት። ሰው የሚሳሳተው ውኃ ላይ ነው፦ በየቀኑ ከላይ ብቻ እያረጠቡ የታቹን ማድረቅ። በጠጠሩ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ፣ ታች እስኪያረጥብ።

ጥያቄ፦ ጤፍ በኩንታል ይሻላል ወይስ በየጊዜው 25 ኪሎ? ማኛ ካልሆነ ቤተሰቡ ቅር ይለዋል።

መልስ፦ በመጀመሪያ ፍጆታዎን ይወቁ። ከአንድ ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱና እንደ እጅ ከ5 እስከ 7 እንጀራ ይወጣል። ቤቱ በቀን 8 እንጀራ ከበላ፣ በኪሎ 6 ብንይዝ በወር 40 ኪሎ ይፈልጋል፤ ኩንታሉ ሁለት ወር ተኩል ያደርሳል። ደረቅ ቦታ ካለዎትና በዱቤ ካልሆነ ኩንታሉ ይሻላል። ማስፈጨቱን ግን በየወሩ ያድርጉ። እህሉ ደረቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ዱቄቱ ግን እርጥበት ይስባል፣ ጣዕሙም ይለወጣል።

ሲገዙ እጅዎን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርን ያስገቡ። ከላይ ደርቆ ከውስጥ የሚቀዘቅዝና እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ እርጥብ ነው፤ ለውኃ ክብደት ነው የሚከፍሉት። ከሥር የወጣውን ቆንጥረው በጥርስ ያኝኩት፣ አሸዋ ካለው ይንኳኳል።

ማኛ የሚወደደው በንጣቱ ነው፤ በምግብነት ከሰርገኛው አይበልጥም፣ ቀዩ ጤፍ እንዲያውም በብረት ይዘቱ የተሻለ ነው። ቤተሰቡን በአንድ ቀን አይለውጡት፤ መጀመሪያ ግማሽ በግማሽ ያስፈጩ። የበለጠ ለመቆጠብ ለ3 ኪሎ ጤፍ 1 ኪሎ ነጭ ማሽላ ይቀላቅሉ። ከዚያ ካለፈ በማግሥቱ እንጀራው ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። አብሲቱን ከወትሮው ትንሽ በርከት ማድረግ ይህን ይቀንሰዋል። ሩዝ መቀላቀል ንጣት ይሰጣል እንጂ ብረቱንና አሰሩን ያሳጣል። የጋገሩትን ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ መሶብ ውስጥ አይደርድሩት፤ የታፈነው እንፋሎት ነው በሦስተኛው ቀን ሻጋታ የሚያወጣው።