41ዱን «እግዚኦ» በነጭ ሽንኩርት የቆጠርኩበት ክረምት

እህቴ፣ «ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ወር ሆነ። ከአርባው በኋላ ሰው ሁሉ ቀረ። መጸለይ አቃተኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ይብስብኛል። እናንተ እንዴት ቻላችሁት?» ብለሽ የጠየቅሽውን ማታ አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ባለቤቴ ያረፈው ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ነው። እስከ አርባው ጎረቤት እየተፈራረቀ ቡና ያፈላልኝ፣ አብሮኝም ያድር ነበር። ተዝካሩ ወጣ፣ የእድሩ ድስትና ወንበር ተመለሰ። እኔና ግድግዳው ቀረን። «ጠንክሪ» የሚባለውን ቃል ያኔ ነው የጠላሁት። በምኔ ልጠንክር?

ጸሎትማ እኔም አቅቶኝ ነበር። «አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምርና «ፈቃድህ» የምትለዋ ላይ ስደርስ አፌ ይታሰራል። ፈቃዱ ይሄ ከሆነ እኔ አልተስማማሁማ! ለንስሐ አባቴ ይህንኑ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «ማርያም መግደላዊትም መቃብሩ አጠገብ ጌታን ስታየው እያለቀሰች ነበር። አትክልተኛ መሰላት እንጂ አላወቀችውም። እሱ ግን በስሟ ጠራት» አሉኝና አሳልመውኝ ሄዱ። ያኔ ብዙም አልገባኝም።

ጓሮው የእሱ ነበር። እኔ ጎመን ለመቀንጠስ ካልሆነ አልደርስበትም። ሰኔ ላይ ጓዳውን ስጠርግ እሱ ለዘር ብሎ ያንጠለጠለውን የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን አገኘሁ። ጫፍ ጫፉ አረንጓዴ ብቅ ብሏል። ወጥ ውስጥ ልጨምረው አልቻልኩም። ልጥለውም አልቻልኩም። በእሱ እጅ የተጎነጎነ ነዋ። መቆፈሪያውን አንስቼ ወጣሁ። ልጽናና ብዬ አይደለም፣ እንዳይበሰብስብኝ ነው።

አተካከሉን የት አውቄ! የመጀመሪያውን መስመር ገልብጬ ተከልኩት። ጎረቤቴ ያሉ እናት በአጥር አይተው «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቂጡን ወደ ታች፣ ሹሉን ወደ ላይ!» ብለው ሲጮሁብኝ ሳቅኩ። ከሚያዝያ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ደግሞ በመሳቄ አፈርኩና ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም ምንም አላሉኝ። አጥሩን ዞረው መጡና የቀረውን አብረን ገለበጥነው።

በሐምሌ ዝናብ አረሙ አላስቀምጥ አለ። ጠዋት ጠዋት ጥቁር ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ አርማለሁ። አንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር አንዱን መስመር ብቆጥረው 41 ሆነ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 41 ጊዜ አይደል የምንለው? ቤት ውስጥ በጣቴ አንጓ ስቆጥር ሁሌ መሃል ላይ ይጠፋብኝ ነበር። እዚያ ግን በእያንዳንዷ ተክል ሥር አረሟን ነቀልኩ፣ አንድ «እግዚኦ» አልኩ። ሁለተኛዋ ጋ ሄድኩ። ጣቴ ደንዝዞ፣ ጥፍሬ ጭቃ ሞልቶ፣ 41ኛዋ ላይ ደረስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰማይ አልተከፈተም። ግን ጨረስኩት። በማግስቱም ወጣሁ። አንዳንድ ቀን እየተቆጣሁ ነበር የምለው፤ አረሙ ግን ይነቀላል።

ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ገባና ቅዳሴ ሄድኩ፣ ከኋላ ቆምኩ። «ፈቃድህ» ላይ ሲደርስ እኔ ዝም አልኩ፣ ሕዝቡ አለው። ያን ቀን ይህ በቃኝ። እኔ ራሴ ያቺን ቃል ያልኳት በሙት ዓመቱ ነው።

ወሬውም አልቀረልኝ። «ከሏን ሳታወልቅ ጓሮ ለጓሮ ትላለች» ተባለ። ይባል። ኅዳር ላይ ደግሞ አምሮኝ የተከልኩትን ቲማቲም ውርጭ በአንድ ሌሊት ቀቅሎት አደረ። ጎመኑ ግን ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል፣ ይህን አላምንም ነበር፣ ቀምሼ ነው ያወቅኩት።

አንቺ ኮንዶሚኒየም ነኝ ብለሻል። አሮጌ ጀሪካን ለሁለት ቁረጪ፣ ታችኛውን ብሺው፣ አፈርና የበሰለ ፍግ ሙዪበት። ፍሬውን ሳትልጪ ፈልቅቂና በሁለት ጣት ጥልቀት፣ አራት ጣት እያራራቅሽ ትከዪ። ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይሁን። ውኃ አታብዢበት፣ ይበሰብሳል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር ማጠጣቱን ተዪው። አራት አምስት ወር ይፈጃል፣ አትቸኩዪ።

ደግሞ እንቅልፍም ምግብም ጨርሶ ከራቀሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም። እኔ ሁለቱም ጋ ሄጃለሁ።

የእሱን ዘር እስካሁን አላጠፋሁትም፣ በየዓመቱ እተክለዋለሁ። የምትኖሪበትን ከተማ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ በአውቶቡስ ሁለት ራስ እልክልሻለሁ። አንዱን ገልብጠሽ ብትተክዪውም ግድ የለም፣ ዞሮ ይወጣል።