ለማድያቱም ለሕፃኑም፦ የጎንደር ፀሐይ

«ጥቁር ቆዳ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ምን ያደርግለታል? ለጥምቀትስ የ4 ወር ልጄን ይዤ ልውጣ?» ላልሽው እህቴ፣ ማድያት ዓመታት ያስመረረኝ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥር ላይ ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ አይታወቅሽም። ጥቁር ቆዳ ቶሎ አይቃጠልም፣ እውነት ነው። ማድያትን የሚያጠቁረው ግን ይኸው ፀሐይ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምለው ጃንጥላ ነው። ቀጥሎ ሰፊ ባርኔጣ፤ ኬፕ ጆሮና ማጅራት አይሸፍንም። ነጠላሽን ደግሞ ወደ ብርሃን ዘርግተሽ እዪው። ማዶው ከታየሽ ፀሐዩም ያልፋል፤ አጥፈሽ ደርቢው። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላሽ ከቁመትሽ ካጠረ ጥግ ያዢ።

ክሬሙ ከዚያ በኋላ ነው። ኤስፒኤፍ (ፀሐይን የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ይበቃል። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ሙሉ ተቀቢ፣ ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። ነጩ ክሬም ዱቄት የተነፋብሽ ካስመሰለሽ ቀለም ያለውን ግዢ። አይረን ኦክሳይድ የሚባል የብረት ማዕድን ቀለም ያለበት ለማድያት ይሻላል፣ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላልና። ቫዝሊንና ቅቤ ያወዛሉ እንጂ ፀሐይ አያግዱም።

ማቅያ ክሬም ግን እባክሽ! ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለባቸው። ቆዳውን ያሳሱታል፣ ከዚያ ፀሐዩ እንደ ልቡ ይጫወትበታል። የጓደኛዬ ፊት ወር ሳይሞላው ነጣ፤ ስታቆም ቀልቶ አበጠ፣ ማድያቱም ብሶ ተመለሰ።

ሕፃኑን በተመለከተ፣ ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ሰንስክሪን አይመከርም፤ መድኃኒቱ ጥላ ነው። ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያሉት ዋርካዎች ጥላቸው ግሩም ነው፣ ግን በጥምቀት ማን ቦታ ያገኛል? ከሄድሽም በጠዋት ገብተሽ ፀሐዩ ሳይጠና ውጪ። ታቦቱን ልሸኝ ካልሽ ልጁን ለአያቱ ስጪ። ተለቅ ያሉትን ረጅም እጅጌ አልብሻቸው፣ ውሃም አትርሺ።

መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ለምሳሌ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቆጣ ያደርጋል። መዳፍሽ፣ የእግርሽ መርገጫ ወይም ጥፍርሽ ሥር የሚሰፋ ጥቁር ነገር ካየሽ ግን ከፀሐይ ጋር ባይገናኝም ለቆዳ ሐኪም አሳዪው።